የሰማያዊው ካሴት ተቀባይ

እትየ የሻረግ መሞቷን የሰማሁት ፀጉሬን እየተቆረጥሁ ነው። ወረታ ዋናው መንገድ ዳር ፀጉር ቤት ያለው ጓደኛዬ አዳነ መቀሱን አቆመና በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«አልሰማህም እንዴ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«የሻረግ እኮ አርፋለች። ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ ነው አሉ።»

በጸጥታው ችግር ስልክ ከተቋረጠ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ታማ ወደተኛችበት ወደ አንበሳሜ የሚሄድ መኪናም አልነበረም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ይሞታል፣ ይቀበራል፣ ሰልስቱ ይወጣል፤ ወሬው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። አዳነ ግማሽ ጭንቅላቴን ቆርጦ ግማሹን ትቶ አጠገቤ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁለታችንም የምናስበው አንድ እሑድን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን እሑድ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ድምፅ ማጉያውን ያዋሰኝ እሱ ነው።

እኔ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን አንቀሳቃሽ ነኝ። የምሠራበት ወፍጮ ቤት ከወረታ ወደ ጎንደር መውጫው ላይ ነው። የፎገራ ገበሬ ሩዙን በአህያ፣ በጋሪ፣ በባጃጅ እየጫነ ያመጣል፤ እኔ እፈለፍላለሁ። ከማሽኑ የወጣውን ደግሞ ሴቶች በቆርቆሮው ጥላ ሥር ተደርድረው በሰፌድ ያበጥሩታል፣ ጠጠሩን ይለቅማሉ፣ ስባሪውን ከደህናው ይለያሉ። እትየ የሻረግ ከሁሉም መጨረሻ፣ በሩ አጠገብ ነበር የምትቀመጥ። ረዥም፣ ቀጭን ሴት ናት። አቧራው እንዳይገባባት አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ስለምትውል፣ አብሬያት ከሠራሁበት ከመጀመሪያው ዓመት ዓይኗንና በሩዝ ዱቄት የነጣ ቅንድቧን ብቻ ነው የማስታውሰው። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ ቢሆንም አንቱ ስላት ትቆጣ ነበር።

«ምነው፣ ጥርሴ ረገፈ እንዴ?» አለችኝ የመጀመሪያ ቀን። ከዚያ ወዲህ እትየ፣ አንቺ እያልሁ ኖርሁ።

ብዙ አታወራም። ስትናገር ግን ነገሯ አይረሳም። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷ ባሏ ጥሏት ሄዶ እያለቀሰች ስታበጥር፣ እትየ የሻረግ ቀና ሳትል «ሩዝና ሰው አንድ ናቸው፤ ሲሰበር ዋጋው ይወርዳል። ቢሆንም ይበላል» አለቻት። ሴትዮዋ እያለቀሰች ሳቀች። ሌላ ጊዜ ስለ አንድ የድሮ ባለሥልጣን ስናወራ፣ ስሙን ማናችንም ማስታወስ ሲያቅተን «የሰው ጆሮ ጎተራ አይደለም፤ ያስገቡትን ሁሉ አያቆይም» ብላ ማበጠሯን ቀጠለች። ያን ጊዜ ስለ ባለሥልጣኑ የተናገረች መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳው የተበላበትን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው። ከውሃ ሥር አትርፎ ያመጣው ሩዝ ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ ከማሽኑ ሲወጣ ለከብት እንኳ የሚሆን አይመስልም ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሸ ደምሌ «ውሰደው አባቴ፣ ቦታ አታጣብብ» አሉት። ሰውየው ጆንያውን ይዞ ቆሞ ቀረ። እትየ የሻረግ ተነስታ ከእጁ ተቀበለችው፣ ወደ ቦታዋ ይዛ ሄደችና ሰፌዷ ላይ ዘርግፋው ተቀመጠች። ሦስት ቀን ሙሉ ከራሷ ሥራ በተረፋት ሰዓት፣ ነጩን ከጥቁሩ አንድ በአንድ ለቀመችለት። የወጣው አንድ ቁና እንኳ አይሞላም። ሽማግሌው ሊመርቃት ሲጀምር «ይሂዱ፣ ይመሽብዎታል» ብላ ምርቃቱንም አላስጨረሰችው።

አሁን ወደ ካሴቱ ልምጣ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ የወጣ የአንድ ድምፃዊ ካሴት አለ። ሽፋኑ ሰማያዊ ስለሆነ እኛ ወዳጆቹ ሰማያዊው ካሴት እንለዋለን። ድምፃዊው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይዘፍን በወጣትነቱ አረፈ። እኔ ያደግሁት አባቴ ያን ካሴት ሲያጫውት እየሰማሁ ነው። አዳነም እንደዚሁ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሌላ ዘፈን ሲከፈት ሰምቼ አላውቅም። በስልክም የካሴቱ ወዳጆች የምንገናኝበት ገጽ አለ፤ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ እዚያ ይከራከራል። ትልቁ ክርክር ስለ ሦስተኛው ዘፈን ነው። ድምፃዊው መንገዱ ራቀብኝ እያለ ያዜማል፤ አንዲት ሴት ከኋላ ና ብቻ፣ ና እያለች ትቀበለዋለች። ድምፅዋ ወፈር ያለ ነው፣ ትንሽ ይሻክራል፤ ግን አንጀት ይበላል። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሴትዮዋ ትስቃለች። አጭር ናት ሳቋ፣ ወዲያው ትታፈናለች። ለምን እንደሳቀች የሚያውቅ አልነበረም። ስሟም ሽፋኑ ላይ የለም። ሞታለች የሚል አለ፣ ዓረብ አገር ናት የሚል አለ፣ አዳነ ደግሞ ለድምፃዊው ሚስቱ ነበረች ብሎ ይምላል።

ወፍጮ ቤት መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። ያን ጊዜ ስልኬን ጆንያ ላይ አስቀምጬ ሰማያዊውን ካሴት እከፍት ነበር። ሴቶቹ እየሰሙ ይለቅማሉ። ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር እትየ የሻረግ ሁልጊዜ ትነሳና ነጠላዋን ለማራገፍ ወደ ውጭ ትወጣለች። ዘፈን የምትጠላ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ስለሆነች ነው ብዬ እተወዋለሁ።

አንድ ጥዋት ገጹ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ካሴቱ ዋናው ቴፕ ተገኝቶ፣ ጩኸቱ ተጣርቶ፣ ሪማስተር ተደርጎ እንደገና ሊወጣ ነው። ያን ጊዜ ቦታ ጠቧቸው የቀሩ ሁለት ዘፈኖችም ይጨመሩበታል፤ አንደኛው ድምፃዊው ከተቀባይዋ ጋር እኩል የዘፈነው ነው ይላል። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ለሴቶቹ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ማንም ግድ አልሰጠውም። እትየ የሻረግ ግን ሰፌዷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ማንበብ ከጀመርሁ እስክጨርስ አላበጠረችም።

በማግሥቱ ሌሎቹ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ እኔ ዘንድ መጣች። ማሽኑን ዘይት እየቀባሁ ነበር።

«አንተ ምንይችል» አለችኝ፤ «ያ ትናንት ያነበብኸው መቼ ነው የሚወጣ?»

«ለፋሲካ ይላሉ። ምነው፣ ዘፈን ትወጃለሽ እንዴ?»

«የቀሩት ሁለቱ አሉ?»

«ሁለቱ።»

«ሌሎቹን በቀዳን በማግሥቱ ነው የቀዳናቸው» አለች። «አንዱን እኩል ነው የዘፈንነው። ከዚያ ካሴቱ አይበቃም ተባለና ቀረ።»

ምን እንዳለችኝ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ዘይቱ በእጄ ላይ ሲወርድ ትዝ ይለኛል።

«ሳቋስ?» አልኋት። ከአፌ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። «ከበሮ መቺው ወንበሩ ተሰብሮበት ወደቀ። ሲወድቅ እንኳ ምቱን አላቋረጠም፣ መሬት ተቀምጦ ይመታል። ዘፋኙ በእጁ ዝም በይ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አልቻልሁም።» ይህን ስትል ያችው አጭር ሳቅ መጣችባትና በመዳፏ አፈነቻት። የካሴቱ ሳቅ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰማኋት ሳቅ ከፊቴ ቆማ ሩዝ ስታበጥር ኖራለች።

ከዚያ በጥቂት ቃል ነገረችኝ። የተወለደችው አንበሳሜ አጠገብ ነው። በልጅነቷ ደብረ ታቦር ከኪነት ቡድን ገባች፤ ከዚያ ሰዎች ድምፅዋን ሰምተው አዲስ አበባ ወሰዷት። ካሴቱ ወጥቶ ዓመት ሳይሞላ እናቷ ሞቱ። ለቅሶ መጣች። ታላቅ ወንድሟ አያ ፈንታ በለቀስተኛው ፊት «ዘፋኝ እህት የለኝም» አሏት። አልተመለሰችም። ፎገራ ሜዳ ላይ አንድ ገበሬ አገባች፣ ልጅ አልወለዱም፣ ሰውየው ሞተ፣ ወረታ ገባች። ከዚያ ለቅሶ ቀን ወዲህ አንድ ስንኝ ከአፏ አልወጣም። ሠርግ ላይ እንኳ ታጨበጭባለች እንጂ አትቀበልም።

«በሆድህ ያዘው» ብላኝ ወደ ሰፌዷ ተመለሰች።

አልያዝሁትም። የዚያኑ ቀን ማታ ሳይደርስ ለአዳነ ነገርሁት። አዳነ ፀጉር ቆራጭ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ወረታ ሰማ።

ያኮረፈችኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። «የነገርሁህ እኔ፣ ጥፋቱም የእኔ» አለችኝ እንጂ አልተቆጣችም። ጋሸ ደምሌ ግን ሳቁ። «የሻረግ ካሴት ከዘፈነች እኔም ጵጵስና ተሹሜያለሁ» እያሉ ለሚመጣው ገበሬ ሁሉ ይናገራሉ። ሌላው ሰው በሁለት ተከፈለ። የሚያምናት አለ፣ የሚዘብትባት አለ። ባጃጅ ነጂዎች ሲያልፉ ና ብቻ፣ ና እያሉ ያዜሙላታል፤ ከልባቸው ይሁን ለቀልድ አይታወቅም። እሷ ግን ቀስ በቀስ ተለወጠች። ነጠላዋ ታጥቦ መታየት ጀመረ። ሴቶቹ ሲጠይቋት ትንሽ ትንሽ ታወራለች፤ ስቱዲዮው ግድግዳው በምንጣፍ የተሸፈነ እንደነበር፣ ስትዘፍን ጫማዋን አውልቃ እንደነበር፣ ማይኩ አፏ ድረስ ስላልደረሰ ጎንበስ ብላ እንደዘፈነች። ስታወራ ዓይኗ የሌላ ሰው ዓይን ይሆናል።

ፋሲካ መጣ፤ ካሴቱ አልወጣም። ለክረምት ተባለ። ከዚያ ለእንቁጣጣሽ ተባለ። ገጹ ላይ ሰዉ ይናደዳል፣ ይሳደባል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ እንደገና ይጠብቃል። እትየ የሻረግ በየጥዋቱ ማሽኔን ሳስነሳ ከቦታዋ ሆና ታየኛለች። አፏን አትከፍትም፤ አገጯን ብቻ ቀና ታደርጋለች። ወጣ? ማለቷ ነው። እኔም ገና ነው እያልሁ ራሴን እነቀንቃለሁ። በዚያው ክረምት ሆዷን በቡጢዋ ጫን አድርጋ መያዝ ጀመረች። ምሳዋን ለሌሎች ትሰጣለች። ጤና ጣቢያ ሂጂ ስላት «ይሄ ይውጣ እንጂ እሄዳለሁ» ትለኛለች።

ስለ ወንድሟ አንድ ቀን ብቻ ጠይቄያታለሁ። «በሕይወት አለ» አለች። «አርጅቷል። ለዓመት በዓል እሄዳለሁ፣ እግሩን አጥባለሁ፣ እመለሳለሁ። ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።»

ካሴቱ የወጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኛ ጋ ኢንተርኔት ከተዘጋ ወር አልፎት ነበር። ባሕር ዳር ያለ አንድ የማውቀው ሹፌር በሜሞሪ አስገልብጦ አመጣልኝ። ሐሙስ ቀን እጄ ገባ። ወዲያው ለእትየ የሻረግ አሳየኋት። ያችን የጥፍር ያህል ነገር መዳፏ ላይ አስቀምጣ ብዙ አየቻት።

«እዚህ ውስጥ ነው ያለሁት?»

«እዚያ ውስጥ ነሽ።»

«እንግዲያው አንተ ስማውና ንገረኝ።»

«አልሰማም» አልኋት። «ከአንቺ በፊት አልሰማውም። አብረን ነው የምንሰማው። እሑድ እዚሁ ግቢ ሰው እንጥራ። የሳቀው ሁሉ ይስማ።»

ያከበርኋት መስሎኝ ነው። እግዜር ያውቃል፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሜሞሪዋን ኪሴ ውስጥ ይዤ፣ እጄ እየበላኝ፣ አንዲት ዘፈን አልከፈትሁም።

ጥቂት አሰበችና «እንደዚያ ከሆነ ለአያ ፈንታ ልላክበት» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ሞላ። ሩዝ የሚያበጥሩት ሴቶች ከነልጆቻቸው መጡ፤ አዳነ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ጋሸ ደምሌም ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። አያ ፈንታ ከአንበሳሜ በጥዋት መኪና ደርሰዋል። ጋቢ የለበሱ፣ ዱላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል የተከሉ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሽማግሌ ናቸው። ለሰላምታ ስንነሳላቸው «በእግዜር» ብቻ አሉ። እትየ የሻረግ ከጎናቸው ባለ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ነበር። በዚያ ቀሚስ ውስጥ ምን ያህል እንደከሳች ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከመጀመሪያው ዘፈን እንድጀምር ጠየቀችኝ። ጀመርሁ። እንዲያ ያለ ጥራት ሰምተን አናውቅም። ከበሮው እዚያው ግቢ ውስጥ የሚመታ ይመስላል፤ ድሮ የማይሰማ ክራር ከሥር ብቅ አለ። አዳነ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይወዘውዛል። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ጀመረ። ድምፃዊው መንገዱ ራቀብኝ አለ፤ እኔ ወደ እትየ የሻረግ ዞርሁ።

ና ብቻ፣ ና የሚል የሴት ድምፅ መጣ። ቀጭን ነው። ጥርት ያለ ነው። የወጣት ልጅ ድምፅ ነው። የእሷ አልነበረም።

የሆነ ስህተት መስሎኝ ወደ ስልኩ ጎንበስ አልሁ። አዳነ ዓይኑን ገለጠ። ዘፈኑ እየሄደ ነው፤ ልጅቱ በሚገባት ቦታ ሁሉ እየገባች ትቀበላለች። መጨረሻው ሲቃረብ ሳቋን ጠበቅሁ። አልመጣችም። ዘፈኑ በንጹሕ ዝምታ አለቀ። ላጥፋው አላጥፋው እያልሁ ስወላውል የሚቀጥሉት አለፉና አዲሱ፣ እኩል የዘፈኑት የተባለው፣ ጀመረ። እዚያም ያችው ልጅ ናት።

ከኋላ አንዲት ልጅ ፍርፍር ብላ ስትስቅ እናቷ ቆነጠጠቻት። ጋሸ ደምሌ ወደ መሬት አዩ፤ ያን ቀን እንኳ አልዘበቱም። አያ ፈንታ ቀስ ብለው ወደ እህታቸው ዞሩ።

«ታዲያ የታለሽ?» አሏት።

«የለሁም፣ አያ» አለች።

ከዚያ ተነሳች። ቀሚሷ ላይ የያዘውን ገለባ አራገፈች። ሰው ሁሉ እንደሚያያት ስታውቅ «ጥሩ ዘፍናዋለች። ትንፋሿም ረዥም ነው» አለች። ወንድሟን ክንዳቸውን ይዛ ወደ መናኸሪያው ይዛቸው ሄደች። በበሩ ሲወጡ ከኋላ አየኋቸው፤ አይነጋገሩም።

ሰኞ ዕለት በሰዓቷ ሥራ ገባች። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስናገር አፍራለሁ። ያምናት የነበረውም ሰው ማመኑን ተወ። አሮጌው ካሴት ላይ ያለው ድምፅ የማን እንደሆነ ማን ያረጋግጣል? አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ለመንኋት።

«እትየ፣ አንዲት ስንኝ ብቻ ዝፈኝላቸው። አሮጌውን እከፍታለሁ፣ ከጎኑ ትዘፍኛለሽ፣ በቃ።»

«ሠላሳ ዓመት የተዘጋ በር በአንዲት ስንኝ አይከፈትም» አለችኝ። «ቢከፈትም የሚወጣው አቧራ ነው።»

ኔትወርክ ሲመለስ ካሴቱን ላወጡት በገጹ ላይ ጻፍሁላቸው። የተቀባይዋ ስም የሻረግ ነው፣ በሕይወት አለች፣ ወረታ ናት፣ ድምፅዋን ለምን ቆርጣችሁ አወጣችሁት አልሁ። ከአራት ቀን በኋላ መለሱልኝ። እሷ ያለችበት የቴፑ ክፍል ስለተጎዳ በአዲስ ድምፃዊት ተተክቷል፤ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን ይላል። ስሟን ቢያንስ እንዲጽፉላት እንደገና ለመንሁ። መልስ አልመጣም። ከሥር የወዳጆች አስተያየት ተደርድሯል፤ ሁሉም ጥራቱን ያደንቃል። አንድ ሰው ብቻ «ያች ሳቅ የት ሄደች?» ብሎ ጠይቋል።

መልሱን ለእትየ የሻረግ አነበብሁላት።

«ተጎድቷል አሉ?»

«አዎ።»

«እውነታቸውን ነው» አለችና ሰፌዷን አነሳች።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ሩዙ ታጭዶ ሥራ በሚበዛበት ሰሞን፣ መምጣት አቆመች። ሕመሙ ጠንቶባት ሐኪም ቤት ብትሄድም አልፎበታል አሏት። አያ ፈንታ ወስደው ቤታቸው አስተኟት። ገና ትንሽ መንቀሳቀስ ስትችል ዋንዛዬ ፍል ውሃው ይሻልሻል ብለው ሰዎች ይዘዋት ሄዱ። መንገዱ ክፍት በሆነበት በአንዱ ቀን እዚያ ሄጄ አገኘኋት። ከውሃው ወጥታ፣ ድንጋይ ላይ በፀሐይ ተቀምጣ፣ ጋቢ ተደርቦላት ነበር። እንፋሎቱ ከኋላዋ ይነሳል። ነጠላው አፏን አልሸፈነውም፤ ፊቷን ሙሉውን በዚያ ቀን ነው በደንብ ያየሁት።

ስለ ወፍጮ ቤቱ ጠየቀችኝ። ሴቶቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠራች። እኔ ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የሄድሁት፤ ከየት እንደምጀምር አጣሁ።

«እትየ፣ የዚያን ዕለት ሰው መጥራቴ…»

አላስጨረሰችኝም፤ ግን አልተቆጣችም። እጇን እጄ ላይ አደረገች። እጇ ከውሃው የተነሳ ሞቆ ነበር።

«እኔም ስቀናጣ አያን ጠራሁ» አለች። «አንተን አልወቅስህም፤ ለእኔ ብለህ ነው። ግን ምንይችል፣ ለብቻየ አሰምተኸኝ ቢሆን ኑሮ እኮ፣ እኔ ነኝ እያልሁ እኖር ነበር። አንተም እሷ ናት ትል ነበር። ማን ያውቃል?»

ከዚያ መኪናው እንዳያመልጥህ ሂድ አለችኝ። ሄድሁ። በሕይወት ያየኋት ያን ቀን ነው መጨረሻዋ።

አዳነ ከነገረኝ በኋላ መንገዱ እስኪከፈት ሌላ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ ለቅሶ ልደርስ አንበሳሜ ወረድሁ። አያ ፈንታን ቤታቸው በር ላይ ግንድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰው የለም፤ ለቀስተኛው ሁሉ ደርሶ ጨርሷል። እግዜር ያጥናዎት አልሁና ከጎናቸው ተቀመጥሁ። «አንተ ነህ ያን ዘፈን የከፈትህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እሱ አይደለም» አሉ። «ዘፋኝ እህት የለኝም ያልሁ እኔ ነኝ። ታውቃለህ?»

«ነግራኛለች።»

«ይህን ግን አታውቀውም፤ እሷም አላወቀችውም።» ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እናታችንን በቀበርን በዓመቱ ካሴቱን ገበያ አገኘሁት። ገዛሁት። ማሳ ስጠብቅ ነበር የምሰማው፤ ሰው ሲመጣ አጠፋዋለሁ። ቀበሮም ሰምቶታል፣ ከብቱም ሰምቶታል። ክሩ እስኪበጠስ ሰማሁት። ና ብቻ ስትል የምሄድላት ይመስለኝ ነበር። ከተበጠሰ ወዲያ ሃያ ዓመት አልሰማኋትም። ወረታ ያን ዕለት የመጣሁ ድምፅዋን ልሰማ ነው። ሌላይቱ ስትዘፍን ጊዜ ግራ ገባኝና የታለሽ አልኋት። የት ሄድሽ ማለቴ ነው እኮ። እሷ የዘበትሁባት መስሏት ኑሯል። መንገዱን ሙሉ ቀና ብላ አላየችኝም።»

«አልነገሯትም?» አልኋቸው። «እዚህ ተኝታ ሳለች?»

«ሁለት ወር እዚህ ቤት ተኝታለች። በየጥዋቱ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ወተት ይዠ እገባለሁ። እንዴት አደርሽ እላለሁ። ደህና ትለኛለች። እወጣለሁ።»

ከዚያ ሰማዩ ጠቁሮ ነፋስ ሲነሳ ውጭ የተሰጣ ጭድ ስለነበራቸው ሊያስገቡት ተነሱ፤ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከልሁላቸውና፣ ጭዱን በእቅፍ በእቅፍ እያደረግሁ ወደ ጎተራው ሥር አስገባሁላቸው።